የኤልያስ ቁራ

«ኤልያስ አልሄደም» አለች ጠጄ። «ትናንት ያደረስኩለትን ዳቦ በልቶታል። ፍርፋሪ እንኳን አላስተረፈም።»

አሰጋሽ የፊደሉን ብራና ከልጇ ጉልበት ላይ አንስታ አጠፈችው።

«ሄዷል አልኩሽ። ውሃ የሚጠጣበት ፈፋ ደረቀና ተነስቶ ሄደ። መጽሐፉ እንዲህ ነው የሚለው።»

«ታዲያ እስከ ዛሬ ለምን አልነገርሽኝም?»

ታሪኩን ቁራዎቹ ላይ ያቆመችው ራሷ አሰጋሽ ናት፤ ቁራዎቹ ስላስፈለጓት።

ጣሊያን ቤተ ክርስቲያኑን ካቃጠለና የኔታ መርስዔ ኃዘን ታስረው ወደ ሞላሌ ከተወሰዱ ወዲህ በዚያ አጥቢያ ፊደል የሚያስቆጥር አልቀረም። አሰጋሽ የቄስ ልጅ ናት። በልጅነቷ አባቷ ተማሪዎቻቸውን ሲያስጠኑ እሷ ከደጅ ተቀምጣ ጥጥ ትፈትል ነበር፤ እንዝርቷ እየሾረ ፊደሉም ንባቡም በጆሮዋ ገባ። አምስት ዓመቷን የያዘችውን ጠጄን ሌላ የሚያስተምርላት ስታጣ፣ ያንን በጆሮዋ ያጠራቀመችውን አውጥታ በቤቷ ጀመረች። ሰንበሌጥ እየጠቆመች ፊደል ታስቆጥራለች፤ ፊደሉ ሲሰለቻት የመጽሐፍ ታሪክ ትነግራታለች።

ልጅቷ ግን አንድ አመል አለባት። ታሪክ ሲነገራት «የት ነው?» ትላለች፤ ቦታውን ካላሳዩአት አይገባትም። ስለዚህ የኖኅ መርከብ ከቤቱ በላይ ካለው ጉብታ ላይ አረፈች። ዮሴፍን ወንድሞቹ የጣሉት እዚያ ከበረቱ ጀርባ ካለው አሮጌ የእህል ጉድጓድ ነው። ጠጄ ጉድጓዱ አፍ ላይ ተንበርክካ «ዮሴፍ፣ አይዞህ» ስትል አሰጋሽ ሳቋን መቆጣጠር ያቃታት ቀን ነበር። ያን ጊዜ ገና ይሳቅ ነበር።

ከዚያ የኤልያስ ተራ መጣ።

ባሏ ዓምደሚካኤል በጦርነቱ ሞቷል ተብሎ ተለቅሷል። እሷም ጠጉሯን ተላጭታ፣ ቀሚሷን ጥቁር አስነክራ፣ በአርባው ተዝካሩን አውጥታለች። ከሌላ አጥቢያ የመጡት ካህናት ፍትሐት ሲደግሙ ግንባሯን መሬት ላይ ደፍታ የቀረችው ከሐዘን አልነበረም። ለሕያው ሰው ጸሎተ ሙታን እያስደገመች ነበርና የካህናቱን ፊት ማየት ስላልቻለች ነው። ዓምደሚካኤል ከአርበኛ ጓደኞቹ ጋር ከአፋፉ ስር ካለው ገደል ውስጥ ተሸሽጎ ነበር። ምግብ ይፈልጋል። ጥቁር የለበሰች ሴት በየቀኑ ገደል አፋፍ ብትታይ ሰው ይጠይቃል፤ የምትጫወትን ልጅ ግን ማንም አይጠይቅም።

ምስጢር ነው የተባለ ልጅ ምስጢሩን ይዞ እንደሚሮጥ ታውቃለች። ስለዚህ ትምህርት ነው አለቻት። ኤልያስ ከንጉሥ አክዓብ ሸሽቶ በዚህ ፈፋ ተሸሽጓል፤ አንቺ ቁራው ነሽ፤ ዳቦውን ከጅብራዋ ተክል አጠገብ ካለው ድንጋይ ሥር አድርጊና ዞር ሳትዪ ነይ። ጠጄም እጆቿን እንደ ክንፍ ዘርግታ ሄደች። በየማለዳው ሄደች። ዛሬም ሄዳ ተመልሳለች።

አሰጋሽ አንድ ነገር ዘንግታ ነበር። ምስጢር ይደበቃል፤ ትምህርት ግን ለጠየቀ ትልቅ ሰው ሁሉ ቆመው ጮክ ብለው የሚሉት ነው። ልጅቷን እንዲያ ያስለመደቻትም እሷው ናት።

ይህ የገባት ዛሬ ጧት፣ ጎረቤቷ ጥሩሸዋ እሳት ልትጭር ስትመጣ ነው። ጥሩሸዋ ፍሙን በገል ላይ እያደረገች፣ ቀና ሳትል ነገረቻት። «ዳኜ የጣሊያን ሶላቶ አስከትሎ በየቤቱ እየዞረ ነው። ትልልቁን ትቶ ልጆቹን ነው የሚጠይቅ። ስኳር እየሰጠ። በቆላው ሰፈር አንዱ ሕፃን እጁን ይዞ ወስዶ አጎቱን አሳየው አሉ።» ከዚያ ጠጄን አየት አድርጋ ወጣች።

«ታዲያ ወዴት ሄደ?» አለች ጠጄ አሁን።

«ሰራፕታ የሚባል አገር። ወደ አንዲት መበለት ቤት።»

«ከሞላሌ ይርቃል?»

«ይርቃል። ባሕር ዳር ነው።»

ጠጄ ከንፈሯን አሾለች። ባሕር የሚባለውን አላየችውም።

«መበለት ምንድን ናት?»

«ባሏ የሞተባት ሴት። ዱቄቷ ከማድጋው ግርጌ ጥቂት ብቻ የቀራት። እሱን ጋግራ ከልጇ ጋር በልታ ልትሞት ስትል ነው ኤልያስ የመጣው።»

ልጅቷ እናቷን አየቻት፤ የተላጨ ራሷን፣ ከዚያ ጥቁር ቀሚሷን። አሰጋሽ ያን አስተያየት አላስተዋለችውም። ጆሮዋ ውጭ ነበር፤ ውሻው መጮህ ጀምሯል።

ዳኜ የዓምደሚካኤል አጎት ልጅ ነው፤ አንድ በረት ከብት እየጠበቁ ያደጉ። አሁን ለጣሊያን አድሯል። ሶላቶውንና ሦስት ባንዶችን ከደጅ ትቶ ብቻውን ጎንበስ ብሎ ገባና መደቡ ላይ ተቀመጠ።

«መምሬ አሰጋሽ፣ ትምህርት ቤት ከፈትሽ አሉ» አለ። «ቁንጥጫሽ ከየኔታ አለንጋ ሳይብስ አይቀርም።»

«ምን ላድርግ ጋሼ ዳኜ፤ ከምትደነቁር ብዬ ነው።»

«ደግ አደረግሽ። ነይ እስቲ የኔ ልጅ።» ከኪሱ በወረቀት የተጠቀለለ ስኳር አወጣ። «ዛሬ ምን ተማርሽ?»

ጠጄ ስኳሩን በሁለት እጇ ተቀብላ ጉንጯ ውስጥ ወተፈችው። ከዚያ እንደተማረችው ቀጥ ብላ ቆመች።

«ኤልያስ ከአክዓብ ሸሽቶ ተሸሸገ። ቁራ ዳቦ ያመጣለት ነበር። ፈፋው ደረቀ። ኤልያስም ተነስቶ ወደ መበለቲቱ ቤት ሄደ።»

«ጎበዝ። የት ነው ታዲያ የመበለቲቱ ቤት?»

ዳኜ የጠየቀው ለጨዋታ ነበር። ጠጄ ግን በጣቷ እናቷን አሳየች።

«ባሏ የሞተባት እሷ ናት። ዱቄታችንም አልቋል።»

ዳኜ ሳቀ። «እና ኤልያስ እዚህ መጣ?»

«መጥቷል።»

«ምን ይመስላል?»

«ጢማም ነው። አንድ ቀን ከሩቅ ዞር ብዬ አየሁት፤ ዳቦውን የሚያነሳ በግራ እጁ ነው።»

ሳቁ ከዳኜ ፊት ቀስ እያለ ጠፋ። በእረኝነታቸው ዘመን ዓምደሚካኤልን ግራኝ እያለ ሲያበሽቀው የኖረ ሰው ነው። ልጅቷን ትቶ ወደ አሰጋሽ ዞረ።

«ተዝካሩን በልቻለሁ፣ አሰጋሽ» አለ። «አልቅሼ ነው የበላሁት።»

ወደ ጠጄ ተመለሰ። ድምፁ ለስልሷል። «የት ሆኖ ነው ያየሽው፣ የኔ ልጅ?»

ጠጄ አፏን ሞልቶ የነበረውን ስኳር ወደ አንድ ጉንጯ አዞረች። ልትናገር ነው። አሰጋሽ የድንጋዩን፣ የጅብራዋን ስም ከዚያች ትንሽ አፍ ሊወጣ ሲል አየችው። ማታ ዓምደሚካኤል እጁን ወደ ድንጋዩ ሲሰድ አየችው።

«እዚሁ ነው» አለች አሰጋሽ ቀድማ። «ከጓዳ፣ ከጎተራው ኋላ ነው ያለ። ልጅ ምን ይዋሻል።»

ዳኜ ተነስቶ የኋሊት ወደ ደጅ ወጣ፤ ዓይኑን ከጓዳው ጨለማ ሳይነቅል፣ እጁን ሽጉጡ ላይ አድርጎ። አሰጋሽ ጠጄን ብድግ አድርጋ ተከትላው ወጣች። ከውጭ ያሉት መሣሪያቸውን አቀባበሉ። የታጠቀ አርበኛ ወዳለበት ጓዳ ቀድሞ የሚገባ ግን ከመካከላቸው አልነበረም። ሶላቶው በጣቱ ጣራውን አሳየ።

እሷም ቤቱን እንደሚያቃጥሉ ታውቅ ነበር። ቀኑ ጥርት ያለ ነው፤ ጉም የለም። የጓሳ ሣር ክዳን ሲነድ ጭሱ ከገደሉ ሥር እንኳን ይታያል። ያየው ሰው ማታ ወደ አፋፉ አይወጣም።

«ዓምዴ» ሲል ተጣራ ዳኜ ወደ በሩ። «ዓምዴ፣ ውጣ። እኔ ነኝ።» ድምፁ ተሰነጠቀ። እንደገና ተጣራ።

ክዳኑ ከዳር ተያያዘ። ጣራው እስኪወድቅ ድረስ ጊዜ አላት፤ ከወደቀ በኋላ ግን አመዱ ውስጥ ሰው እንደሌለ ያያሉ። ከባንዶቹ አንዱ ክንዷን ጨምድዶ ይዟታል። ጠጄ አንገቷ ላይ ተጠምጥማለች፤ ትንፋሿ ስኳር ስኳር ይላል። አልፈራችም፤ ትምህርቷ አላለቀላትም።

«እማዬ» አለቻት በጆሮዋ፤ «ኤልያስ መበለቲቱ ቤት ከገባ በኋላስ?»

አሰጋሽ ታውቀዋለች። አባቷ ሲያነብቡት፣ እዚህ ቦታ ሲደርሱ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጉት ነበር። ከዚያ በኋላ የመበለቲቱ ልጅ ይታመማል፤ ትንፋሹም እስኪያጣ ይጸናበታል። ኤልያስ ከእናትየው እቅፍ ተቀብሎ ወደ ሰገነቱ የሚያወጣው ሞቶ ነው።

«ከዚያስ፣ እማዬ?»

ልጇን ወደ ደረቷ ጠበቅ አደረገቻት።