ማሽኑን ይተው

ባሌ ባዘዘው በተቀበረ በሰልስቱ ጎረቤታችን እንዳላማው ለቅሶ ቤት ተቀምጦ፣ «የዚህ ቤት ዘር ንጹሕ አይደለም፤ በደማቸው ያለ በሽታ ነው» አለ። ቀስ ብሎ ነው ያለው፣ እኔ ግን ሰማሁት። ከሚሌኒየሙ በፊት ነው፤ እስካሁን ጆሮዬ ውስጥ አለ። ባሌ የእሱንም ስንዴ ሲረጭ የኖረ ሰው ነበር እኮ!

በመንደራችን የአረም መድኃኒት መርጫ ማሽን የነበረው ባዘዘው ብቻ ነው። የአረም ጊዜ ሲደርስ ሁሉም «ነገ ለእኔ» ይለዋል። ያዘለው ማሽን ስለሚያፈስ ጀርባው እንደራሰ ይውላል። የማሽኑ አፍንጫ ሲደፈን በአፉ እፍ ብሎ ይከፍተዋል። ተው ስለው፣ «መድኃኒት አይደል እንዴ? መድኃኒት ሰው ይገድላል?» ይለኝ ነበር። የመድኃኒቱን ጀሪካን ሌባ እንዳይወስድበት ከአልጋችን ሥር ያሳድረዋል።

ከዓመታት በኋላ ድዱ ይደማ ጀመር። ደብረ ማርቆስ ወሰድኩት፣ ከዚያ አዲስ አበባ ላኩን። የደም ካንሰር ነው አሉ። ዶክተሩን «በዘር የመጣ ነው?» አልኩት።

«እናቴ፣ ደም የሚሠራው አጥንት ውስጥ ባለው መቅኒ ነው። እዚያ ያለችው ሕዋስ ስትባዛ፣ ሥራዋን የሚነግራትን ትእዛዝ እየገለበጠች ነው። ዲኤንኤ ይባላል። አንዳንድ መርዝ ትእዛዙን ይቆራርጠዋል፣ ያዛባዋል። የተዛባውን እየገለበጠች ከበዛች ካንሰር ሊሆን ይችላል።»

«ከመርጨቱ ነው በለኛ!»

«በእሳቸው ላይ ይሄው ነው ብዬ አልምልም። መርዝ ሲነኩ በኖሩ ሰዎች ላይ ግን እናየዋለን።»

«ልጄስ?»

«መቅኒው ውስጥ የተበላሸው ለልጅ አይወርድም።»

ይህን ለማን ልንገር? በእኛ አገር ልጅ ከመታጨቷ በፊት ዘሯ እስከ ሰባት ቤት ይቆጠራል፤ የሚጠየቀው ደግሞ ጎረቤት ነውና እንዳላማው ነው። ልጄን የብርጓልን ሊጠይቁ የመጡ ሁሉ ከእሱ ደጅ ተመለሱ። እኩዮቿ ልጅ አዝለው ሲያልፉ በር ትዘጋለች።

አምና ከጉንደ ወይን በኩል ሽማግሌ መጣ። ቄስ አምደሚካኤል ናቸው፣ ሊያገባት ከፈለገው ልጅ አባት ከአቶ ታዲዮስ ጋር። የብርጓል ጓዳ ሆና ታዳምጣለች።

«የሚወራውን ሰምተናል» አሉ ቄሱ። «ልጁ ግን ገበያ አይቷት፣ እሷ ካልሆነች አላገባም ብሎ አስቸገረን። እርስዎ ይንገሩን፣ በሽታው ከየት መጣ?»

ነገርኳቸው። ማሽኑን፣ ጀሪካኑን፣ ዶክተሩ ያለውን ሁሉ።

አቶ ታዲዮስ ሳቀ። «እንዲህ ከሆነማ አገሩ አለቀ በሉኛ! የእኔው ልጅ የሰፈሩን እርሻ ሁሉ የሚረጭ አይደል? ምን ሆነ? በሬ ነው!»

«መድኃኒቱ የት ያድራል?» አልኩት።

«እሱ የሚተኛበት ነዋ፣ የት ይጣል?»

«ሲመለስ ልብሱን ይቀይራል?»

«ሙሽራ ነው እንዴ!» ቄሱም ሳቁ።

«ያን ልብስ ማን ያጥበዋል?»

«እስከ ዛሬ እናቱ። ከእንግዲህ ሚስቱ።»

«እንግዲያው ማሽኑን ይተው፤ ያኔ ልጄን እሰጣለሁ።»

አቶ ታዲዮስ ብድግ አለ። «አንቺ ሴትዮ፣ የመጣነው ዘርሽን ችለን ነው! ደግሞ በእኛ ላይ እንከን ታወጪያለሽ?»

«ዘሬ ምንም አልሆነም። ባሌ ደም ሲተፋ በጨርቅ የጠረግሁት ግን እኔ ነኝ።»

ቄሱ «ልጅቱም ትጠየቅ» አሉ።

የብርጓል ነጠላዋን ሳትለብስ ከጓዳ ወጣች። እኔን አላየችኝም።

«እሄዳለሁ» አለች። «ይርጭ፣ አይርጭ፣ እሄዳለሁ።»

«እኔ ቆሜ አይሆንም» አልኩ። ለዓመታት የተሳልኩት እንዲህ ያለ ቀን እንዲመጣ ነበር። የሁለቱንም ብትር አንሥቼ አቀበልኳቸውና እስከ በር ሸኘኋቸው።

የብርጓል ያን ቀን እህል አልቀመሰችም። ከዚያ ወዲህ እናቴ ብላ አልጠራችኝም። ዛሬም ቢመጡ የምላቸው ያንኑ ነው።