ከቀጨኔ በላይ የቆመው ውሃ

የሸክላ አፈር የምንቆፍርበት ጉድጓድ ከቀጨኔ በላይ ባሕር ዛፉ ውስጥ ነበር። ነበር ያልኩት አሁን ሐይቅ ስለሆነ ነው። እኔ ምግብ ቤቶች ሽሮ የሚያቀርቡበትን ትንንሽ ድስት እሠራለሁ። ለዚያ የሚሆነኝ አፈር ከውሃው ስር ቀረ። በመኪና የሚመጣው አፈር አሸዋ ይበዛበታል፤ እሳት ሲነካው ይሰነጠቃል። አንድ ዓመት ካቃጠልኩት ግማሹ ገል ሆኖ ወጣ። እንዲህ ከቀጠለ ሥራውን መተው ነው፣ በቃ አልኩ።

ከጥቂት ክረምት በፊት ናዳ ወርዶ የጉድጓዱን የታች በኩል ዘጋው። ዝናቡ ሲያባራ ውሃ ቆሞ አገኘን። መስከረም ላይ ይደርቃል አልን፤ አልደረቀም። ጥር ላይ አልን። በጥር ጭራሽ ዳክዬ መጣበት! ዳክዬውን ማን ጠራው?

እኔን እንቅልፍ የነሳኝ ሌላ ነው። በዚያ ዳገት ስንት ናዳ ወርዷል፤ አንዱም ውሃ ይዞ አያውቅም። የናዳ አፈር ልቅ ነው፣ ያፈሳል። ይሄኛውን ምን ያዘው?

ሙያውን ያስተማሩኝን እትዬ ወለተ ማርያምን ጠየቅኳቸው።

"እግዜር የዘጋውን አንቺ አትክፈቺ" አሉኝ።

"እግዜር የእኔ አፈር ምን ያደርግለታል?"

"ምላስሽ ይቆረጥ!" አሉና ሳቁ።

በበጋው ዶማዬን ይዤ ወጣሁ። ግድቡን ቀድጄ ውሃውን ላፈስ ነው። ከላይ የሚኖረው ዋቅጋሪ ላሞቹን እያጠጣ አገኘሁት።

"ብርነሽ፣ ዶማ ይዘሽ ወዴት?"

"አፈሬን ላወጣ።"

"ላሞቼስ?"

"ከዚህ በፊት ምን ይጠጡ ነበር፣ ቢራ?"

"ወንዝ ድረስ እየወረዱ ይደክሙ ነበር። አሁን ወተታቸው ጨምሯል።"

"የጨመረው የምታቀጥንበት ውሃ ስላገኘህ ነው።"

መቆፈር ጀመርኩ። ላይ ላዩ ልቅ ነው፤ እንደ ዱቄት ይነሳል። ወረድ ስል ግን ዶማው አልገባ አለ። ጥቁር፣ ድርቅ ያለ፣ በመሃሉ ገል ያለበት። ገሉን አንስቼ ጠረግኩት። የእኛው የድስት አፍ ነው!

ያኔ ገባኝ። እኛ ሸክላ ሠሪዎች አንድ ወግ አለን። ክረምት ሊገባ ሲል ከጉድጓዱ ስንወርድ፣ ጎርፍ አፈራችንን እንዳይወስደው ትርፍ ጭቃና ገል በታች በኩል አልብሰን በባዶ እግር እንረግጠዋለን። ሳይረግጡ መውረድ ነውር ነው። እናቶቻችንም ረግጠዋል፣ የእነሱም እናቶች። በየዓመቱ ንብርብር በንብርብር። ናዳው ላዩ ላይ መጣና ከፍ አደረገው እንጂ ውሃውን የያዘው የእኛ እግር ነው። ሳናውቀው ተራራው ላይ ድስት ሠርተናል።

"ዋቅጋሪ፣ ና እይ! ሐይቁን የሠራነው እኛ ነን።"

"ታዲያ የሠራሽውን ልትሰብሪ ነው?"

"አፈሬ ስሩ ነዋ!"

በቀደድኩት ውሃው መውረድ ጀምሮ ነበር። ሐይቁ ትንሽ ሸሸና ከግድቡ ጎን ጭቃ ብቅ አለ። እጄን ሰደድኩ። እንደ ቅቤ ይለሰልሳል። አድበልብዬ ጣቴ ላይ ጠቀለልኩት፤ ስንጥቅ የለውም። ግን የእኛ አፈር ጥቁር ነው፣ ይሄ ቀላ ይላል። ከየት መጣ?

ጎርፉ ወደሚገባበት ዞሬ ሄድኩ። እዚያ ድንጋይና ጠጠር ብቻ ነው። ወደ መሃል ሲመጡ አሸዋ። ልስልሱ ግድቡ ጋ። ውሃው ከባዱን እየጣለ፣ ቀላሉን እስኪረጋ ተሸክሞ ያመጣዋል። እኔ በወንፊት ወገቤ እስኪቆረጥ የምሠራውን ሐይቁ ተኝቶ ይሠራዋል!

"እየነጠፈ ነው እኮ!" ጮኸ ዋቅጋሪ።

የድሮው አፈር አያሳፍረኝም፤ አውቀዋለሁ። አዲሱ እሳት ውስጥ ምን እንደሚሆን የሚያውቅ የለም። ሐይቁ ከፈሰሰ ግን አዲሱ ሁለተኛ አይመጣም። ቆሜ አየሁት። አዲሱ አፈር በእሳት እንዴት እንደሚሆን ሳላይ መቅረት አልቻልኩም።

"ምን ትገተራለህ? ጫማህን አውልቅና እርገጥ!"

አብረን ረግጠን ደፈንነው። እሱ እንደ በሬ ነው የሚረግጠው፤ ብሰድበውም አልተሻሻለም።

ያንን ጭቃ ወስጄ ድስት ሠራሁና አቃጠልኩ። አመዱን ስገልጥ አንዱ ተሰንጥቋል፣ ሌላው ሁሉ ደህና። እትዬ ወለተ ማርያም በጥፍራቸው መታ መታ አደረጉት።

"ድምፁ ደህና ነው። መልኩ ግን የጠጅ ጠጪ ፊት ይመስላል።"

ምግብ ቤቶቹ መልኩን ወደዱት።

አሁን በየክረምቱ ሐይቁ ይጠባል። አምና ውሃ የነበረበት ዘንድሮ ቄጤማ በቅሎበታል። አንድ ቀን በደለል ሞልቶ ሜዳ ይሆናል።

"ያኔ ሣሩ የእኔ ነው" ይላል ዋቅጋሪ።

"ከሣሩ በታች ያለው የእኔ" እላለሁ።

ላሞቹ ጭቃዬን እንዳያበላሹት ከግድቡ ጎን በእሾህ አጠርኩት። በማግስቱ ዋቅጋሪ አንስቶታል። መልሼ አጠርኩ።