ሌሊት ሌሊት የምትሞት መኪና

አባቴ ሙሐመድሁሴን የሞተው ታጣቂዎቹ ሐይቅ ከተማን በያዙበት ወር ነው። የቆየ አስም ነበረበት፤ መድኃኒት ቤቶቹ ደግሞ ተዘርፈው መደርደሪያቸው ብቻ ቀርቶ ነበር። የሰፈሩ የቀብር መረዳጃ ቅሬው ስለተበተነ ጀናዛውን የተሸከሙት ታላቅ ወንድሙ ኑርዬና ከሰፈሩ ያልወጡ ጥቂት ሽማግሌዎች ናቸው። ስለ ደግነቱና ስለ ሶላቱ ሌሎች ብዙ ብለዋል። እኔ የምጽፈው ከሞተ ከወራት በኋላ እንዴት አድርጎ እንዳሳቀን ነው።

መኪናዋ አሮጌ ላንድክሩዘር ናት፤ ከኋላ ፊት ለፊት የሚተያዩ ሁለት አግዳሚ ወንበሮች ያሏት። አባቴ ከሐይቅ ውጫሌ ሰው ሲያመላልስባት ኖሯል። ከጅዳ የሰው ቤት ሥራ ስመለስ መንዳት ያስተማረኝ በእሷ ነው። እሱ ሲደክመው እኔ መሪውን እንድይዝ ነበር የተስማማነው። ጦርነቱ ሲቀርብ ከሌሎች የሰፈር ልጃገረዶች ጋር አምባሰል ገጠር ዘመድ ቤት ሰደደኝ። ስመለስ እሱ አፈር ውስጥ ነበር፤ መኪናዋ ግን ግቢያችን ውስጥ ቆማ አገኘኋት። የሰፈሩ መኪና ሁሉ ተነድቶ ሲሄድ የእኛ ብቻ ቀርታለች። እናቴን ዑምኩልሱምን ለምን እንደቀረች ስጠይቃት፣ «አልነሳ ብላቸው ነዋ» አለችኝ።

እኔም ስሞክራት አልተነሳችም። ጎረቤት ተሰብስቦ በገመድ ጎትቶ ከግቢ አወጣልን፣ ቁልቁለቱ ላይ በግፊ አስነሳናት። ከዚያ በኋላ ቀኑን ሙሉ እንደ ጤነኛ ስትሠራ ዋለች። ማታ አጥፍቼ በራችን ላይ አቆምኋት። ጠዋት ቁልፉን ባዞር ትንፍሽ አላለችም። በማግስቱም እንደዚያው። ሰፈሩ በየጠዋቱ ይገፋ ጀመር፤ መጀመሪያ በዱኣ፣ ቀጥሎ በሳቅ፣ ኋላ በማጉረምረም። ጎረቤታችን ጁማ ነጋዴ ነው፤ ምላሱ አያርፍም። «ሱንዱስዬ» ይለኛል፣ «ያንቺ ተሳፋሪ ከፍሎ ነው የሚገፋው ወይስ ገፍቶ ነው የሚከፍለው?»

ባትሪው አርጅቶ ነው ብዬ ከጅዳ ያመጣሁትን የጆሮ ወርቅ ሸጬ አዲስ ገዛሁ። አዲሱም በማግስቱ ጠዋት ሞቶ ተገኘ። ያን ጊዜ ገባኝ፤ ባትሪው አልታመመም፣ ሌሊት ሌሊት የሚበላው ነገር አለ።

ሰዉ ግን ሌላ ምክንያት ነበረው። ገሚሱ ታጣቂዎቹ አበላሽተዋት ነው ይላል። ገሚሱ ደግሞ ባለቤቷን ልትከተል ነው፣ እንስሳም ዕቃም ያዝናል ይላል። አጎቴ ኑርዬ እንዲህ ያለ ወሬ አይወድም። የሚፈራው አንድ ቀን ውጫሌ ዳገት ላይ ሰው እንደጫንሁ ትቆማለች ብሎ ነው። አባቴ ወንድ ልጅ ስላልነበረው በሸሪዓው ለእሱም ከመኪናዋ ድርሻ አለው። ረመዳን ሳይገባ የወንድሙን ነገር አስተካክሎ መጨረስ ፈለገና ከኮምቦልቻ ለብረቷ የሚገዛ ሰው አገኘ። ሰውዬው ቅዳሜ ጠዋት ሊመጣ ተቀጣጠሩ።

መኪናዋ ከተሸጠች የሚቀረኝ ጅዳ መመለስ ነበር። ወደዚያ ሰው የሚልከው ደላላ ሁለት ጊዜ ደውሎልኛል፤ እናቴ ሰምታለች። ከዚያ ወዲህ እህል በአፏ አልዞር ብሏት ሰነበተች። አጎቴ ዘንድ ሄጄ ለመንሁት። የሚቆጥረውን ሙሰበሃ ኪሱ ከተተ።

«ቅዳሜ ጠዋት ሰው እጁን ሳያሳርፍባት ከተነሳች ያንቺ ናት» አለኝ። «ድርሻዬንም አውፍ ብያለሁ፣ ትቼልሻለሁ። ካልተነሳች ግን፣ ልጄ፣ ከእንግዲህ በእሷ ነገር አትለምኚኝ።»

ሐሙስ ዕለት የመኪና ኤሌክትሪክ የሚሠራውን ሀሚዱን ከውጫሌ ጠራሁት። አባቴን የሚወድ ሰው ነው፤ ከመሥራቱ በፊት ኮፈኑን ከፍቶ ፋቲሓ ቀራ። ከዚያ ከባትሪው አንዱን ገመድ ፈታና በገመዱና በባትሪው መካከል ትንሽ አምፖል አገናኘ። መኪናዋ ጠፍታለች፣ በሮቿ ተዘግተዋል፤ የሚሠራ ነገር ከሌለ አምፖሉ መብራት አይገባውም። በራ።

«ይኸውልሽ» አለ ሀሚዱ፣ «ሌባው ከቤት አልወጣም።»

አሠራሩን እየነገረኝ ፊውዞቹን አንድ በአንድ መንቀል ያዘ። ሌባው ያለበት መስመር ሲነቀል አምፖሉ ይጠፋል። የሬዲዮውን ነቀለ፤ በርቷል። የክላክሱን፣ የመስታወት መጥረጊያውን፣ የመብራቱን ነቀለ። እኔ አምፖሉን እያየሁ «አልጠፋም» እላለሁ፤ እሱ «ኢንሻአላህ ቀጣዩ» ይላል። ፊውዝ አለቀ። የዲናሞውን ገመድ ፈታ፣ የሞተር ማስነሻውን፣ የሞተሪኖውንም ፈታ። አምፖሉ እንደበራ ነው። ሀሚዱ ጎማው ላይ ተቀመጠና ላቡን ጠረገ። ዕድሜውን ሙሉ ሽቦ ሲፈታ ኖሮ ሁሉ ተነቅሎባት ባትሪ የምትበላ መኪና እንዳላየ ነገረኝ፤ ሼህ ብጠራ ይሻል ይሆናል ሲል ግማሹ ቀልድ፣ ግማሹ የምር ነበር። ውጫሌ የሚጠብቀው ሥራ ስለነበረው አምፖሏን ትቶልኝ ሄደ።

ዓርብ ከሰዓት ኮፈኑን ከፍቼ ብቻዬን ቆምሁ። ነገሩ ጭንቅላቴ ውስጥ ሲመላለስ ነበር ያደረው። ፊውዝ ሁሉ ተነቅሎ ኤሌክትሪክ የሚያልፍ ከሆነ፣ የሚያልፈው ፊውዝ በማያውቀው ሽቦ ነው። እንዲህ ያለውን ሽቦ ፋብሪካ አይዘረጋም፤ ሰው ነው የሚዘረጋው። በዚህች መኪና ላይ ደግሞ ከአባቴ በቀር እጁን የሚያስገባ ሰው አልነበረም።

የአባቴን እጅ አውቀዋለሁ። ሌላው ሰው ሽቦ ሲቀጥል በፕላስተር ይጠቀልላል። አባቴ ፕላስተር በሞተር ሙቀት ይላቀቃል ብሎ አያምነውም። ከአሮጌ የጎማ ከለማዳሪያ ቀጭን ላስቲክ ቆርጦ ይጠመጥምና በጆንያ መስፊያ ክር ያስረዋል፤ ቋጠሮውን ሁልጊዜ ወደ ታች ያደርገዋል፣ ውሃ እንዳይቋጥር። ስለዚህ መብራት መፈለጉን ተውሁና ከለማዳሪያ መፈለግ ጀመርሁ። ዓይኔ የማይደርስበትን በጣቴ ዳሰስሁ። ባትሪው የተቀመጠበት ብረት ሥር፣ ከኋላ በኩል፣ ጣቴ ላስቲክ ነካ። ክሩን አገኘሁት። ቋጠሮው ወደ ታች ነበር።

እዚያው ጥቂት አለቀስሁ። ከዚያ ሽቦውን ተከተልሁት። በወለሉ ቀዳዳ ይገባል፣ በምንጣፉ ሥር ይሄዳል፣ ከኋላ በቀኝ በኩል ካለው ወንበር ሥር ብረት ሣጥን ውስጥ ይጠፋል። ሣጥኑ በቡሎን ታስሯል። ፈታሁት። ውስጡ አሸዋ ነው፤ አሸዋው መካከል የዱቄት ወተት ቆርቆሮ ተቀብሯል። ክዳኑን ሳነሳ አንድ የመኪና የፊት መብራት አምፖል ዓይኔን እያየ ቀላ ብሎ ይበራል።

እናቴን ጠራኋት። ገብታ አየችና ወንበሩ ላይ ዘጭ አለች። ምን እንደሆነ ነገርኋት፤ ባትሪውን ሌሊት ሌሊት ሲበላ የኖረው ይኸ መሆኑን፣ ያስገባውም አባቴ መሆኑን። መጀመሪያ አላመነችኝም። ቆይቶ ትከሻዋ መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ የምታለቅስ መስሎኝ ነበር፣ ለካ እየሳቀች ነው። ዕንባዋን እየጠረገች ነገረችኝ።

ታጣቂዎቹ እንደገቡ ጁማ የራሱን መኪና ባትሪ አውጥቶ ጭድ ውስጥ ቀበረ። ሲመጡበት ተዘረፍሁ ብሎ በወላሂ ማለ። ጭዱን በትነው አገኙት፤ ደበደቡትና በዚያው ባትሪ አስነስተው መኪናውን ወሰዱት። ጁማ ዛሬም ቢሆን ከዱላው ይልቅ የሐሰት መሐላው ይቆጨዋል። አባቴ ይህን እንደሰማ አንድ ከሰዓት በኋላ መኪናዋ ውስጥ ሲንደፋደፍ ዋለ። ወጥቶ ለእናቴ የነገራት ይህን ብቻ ነው፦ «ከመጡ አትዋሺ። አትነሳም በይ። ማይ ካሉሽም ማይ።» ሲመጡ እሱ ትንፋሽ አጥሮት ተኝቶ ነበር። እናቴ ማለች። እነሱም ኮፈኑን ከፍተው አዩ፤ ባትሪው በቦታው አለ። ቁልፉን አዞሩት፤ ዝም። ሊገፏት ሞከሩ፤ ግቢያችን ወደ ውስጥ ያዘቀዘቀ ስለሆነ ወደ ላይ አልወጣ አለቻቸው። ጎማዋን በርግጫ ብለው ሄዱ። አባቴም ከዚያ አልተነሳም።

«እኔ እኮ» አለች እናቴ፣ «መሐላዬን ሊያወጣ አላህ የገደላት መስሎኝ ነበር።»

«አላህማ ነው» አልኋት፣ «በአባቴ እጅ።»

ብንደበደብም የማናውቀውን አንናገርም ብሎ ለማናችንም አልነገረንም። ከሁሉ በላይ ግን ሚስቱን በሐሰት ላያስምላት ብሎ ሐሰቱን እውነት አደረገላት። እናቴ ይህን ስትረዳ ተነስታ አምፖሉን በሻሿ ጫፍ ይዛ ከሶኬቱ ነቀለችው። ሮጬ ወደ ባትሪው ሄድሁ። የሀሚዱ ትንሽ አምፖል ጠፍታለች። ደውዬ ስነግረው «ይኸ ሰውዬ በሕይወት እያለ ቀርቶ ሞቶም ይሠራል እንዴ!» ብሎ ሳቀ። ሽቦውን ከሥሩ አወጣሁት፣ ፊውዞቹንና የተፈቱትን ገመዶች መለስሁ፣ ባትሪውን በጎረቤት ቻርጀር ሞላሁ።

ቅዳሜ ጠዋት የኮምቦልቻው ሰው የጭነት መኪናና ገመድ ይዞ መጣ። ሰፈሩም ሊገፋ እጅጌውን ሰብስቦ ወጣ፤ አመል ነው። አጎቴ በከዘራው ሁሉንም ወደ ኋላ መለሰና ማንም እንዳይነካት ተናገረ። መኪናዋ ሌሊቱን ሜዳ ላይ ነው ያደረችው፤ ቁልቁለት አስነሳት እንዳይባል ሆን ብዬ ነው ሜዳ ያቆምኋት። ገባሁ። ቢስሚላህ ብዬ ቁልፉን አዞርሁ።

አንዴ ጎርነን ብላ ተነሳች።

እናቴ ከበሩ ላይ እልል አለች፤ ሴቶቹ ተቀበሏት። አጎቴ ግን አላመነም። አጥፊያት አለኝ፤ አጠፋሁ። አስነሺያት አለ፤ ተነሳች። አሁንም አጥፊያት አለ። ገዢው መሳቅ ጀመረ፤ «አያ ኑርዬ፣ እንዲህ ከሆነ ሞተሪኖውን እርስዎ ይጨርሱታል» አለው። ከዚያ ጠጋ ብሎ በብረት ሒሳብ ሳይሆን በመኪና ሒሳብ ልግዛት ሲል ጠየቀው። አጎቴ ከዘራውን ወደ እኔ አመለከተ።

«ባለቤቷን ጠይቅ» አለ።

ገዢው ዘወር ብሎ አየኝ። እንደማልሸጥ ነገርሁት። ቅር ሳይለው ገመዱን ጠቅልሎ ሄደ። ለጁማ የአባቴን ብልሃት ስነግረው የኋላውን በር ከፍቶ ማንም ሳይቀድመው ገብቶ ተቀመጠ። አጎቴም ከፊት ገባ፤ ውጫሌ ጉዳይ አለኝ አለ። ምን ጉዳይ እንዳለው እስከ ዛሬ አልነገረኝም።

መንገድ ላይ ደላላው ስልኬ ላይ ደወለ። አጎቴ አንስቶ፣ ልጅቱ ሥራ ላይ ናት ብሎ ዘጋው።

ውጫሌ መናኸሪያ ስንደርስ አውቶቡሶቹና ባጃጆቹ መካከል፣ ደልዳላው ላይ አቆምሁ። እስከዚያ ቀን ውጫሌ ስደርስ ሞተሩን አጥፍቼ አላውቅም ነበር፤ ተሳፋሪ እስኪሞላ እንደበራች ነበር የምትቆየው። እጄን ወደ ቁልፉ ላክሁ።

«ምነው አጠፋሻት?» አለ አጎቴ ደንግጦ።

«ሰው እስኪሞላ ነዳጅ ለምን ይቃጠላል» አልሁትና ወርጄ ተሳፋሪ ጠራሁ።