እትዬን ወንዝ ያሻገሯት ዕለት

አባቷ ግማሽ ጎናቸው አልታዘዝ ብሏቸው ከተኙ ወዲህ ልብስ ሰፊዋ ከሰፈሯ ርቃ ሄዳ አታውቅም። ቀድሞ ገበያው መሃል ከጓደኛዋ ጋር የተከራየችው ሱቅ ነበራት። እሱን ትታ የስፌት መኪናዋን ወደ ቤት አመጣችና ከአባቷ መኝታ ክፍል በር ፊት ለፊት ተከለችው። መጋረጃ ስትዘመዝም፣ ሱሪ ስታሳጥር፣ የሰው ቀሚስ ስታጠብብ አንድ ጆሮዋ ሁልጊዜ ወደ ውስጥ ነው። አባቷ ዕድሜያቸውን ሙሉ ማተሚያ ቤት የሠሩ ሰው ናቸው፤ ከማሽኑ በላይ መናገር ስለለመዱ ድሮ ሲያወሩ ጎረቤት ይሰማ ነበር። አሁን ሲጠሯት ከሳል የማይበልጥ ድምፅ ነው የሚወጣቸው። እሷ ግን መኪናው እየጮኸም ትሰማቸዋለች።

እናም ታናሽ እህቷ መጥታ «እትዬ፣ ቅዳሜ አሮጌው ከተማ ልወስድሽ ነው። በጀልባ ጠዋት ሄደን ማታ እንመለሳለን» ስትላት ሳቀች።

«አባዬንስ ማን ይይዝልኛል?»

«ጎረቤትሽ አብራቸው ትውላለች። ጋሼም ብቅ ይላል።»

ታናሿ መድኃኒት ቤት ነው የምትሠራው። ለበሽተኛ ስታስረዳ እንደለመደችው፣ ቤትም ስትመጣ ረጋ ብላ፣ መልስ እንዳይገኝለት አድርጋ ትናገራለች። ጋሼ የሚሉት ታላቅ ወንድማቸው ደግሞ ቀለምና የቧንቧ ዕቃ ነጋዴ ነው። «ሥራ ወጥሮኝ ነው» የምትል ቃል ከአፉ አትጠፋም፤ ሲመጣም ከበሩ ሳያልፍ «እንዴት ዋሉ?» ብሎ ይመለሳል። እሱ ብቅ ይላል መባሉ ብቻውን ሊያስጠረጥራት ይገባ ነበር። ግን የገዛ እህቷን ምን ብላ ትጠርጥር? አባቷም ከአልጋቸው ሆነው «ሂጂ» አሏት። «ሂጂ እንጂ፣ ልጄ። እኔ የት እሄዳለሁ?»

ቅዳሜ ጠዋት ለራሷ ሰፍታ አንድም ቀን ያልለበሰችውን ሰማያዊ ቀሚስ ለበሰች። ለጎረቤቷ የመድኃኒቱን ነገር ደጋግማ ስትነግራት፣ ጎረቤቷ ዓይኗን እየሰበረች «እሺ፣ አውቄአለሁ» ትላት ነበር።

የመንገደኛው ጀልባ ሰፊ ነው፤ ከላይ ሸራ የተወጠረበት፣ ከታች ብስክሌትና ጆንያ የሚጫንበት። ልብስ ሰፊዋ የጀልባውን መደገፊያ ብረት ይዛ ቆመች። ነፋሱ ቀሚሷን ሲነፋው እየሳቀች በሁለት እጇ ትይዘዋለች። ከሌሎች መንገደኞች ጋር ወሬ ጀመረች፤ የማታውቃትን ሴት የሻርፕ ጫፍ አይታ «ይሄ በእጅ ነው የተጠለፈው?» ብላ ጠየቀች። ታናሿ ከአግዳሚ ወንበሩ ላይ ሆና ታያታለች። እትዬ ወደ እሷ ዞር ስትል ፊቷን ወደ ውሃው ታዞራለች።

አሮጌው ከተማ ከወንዙ ዳር ጀምሮ ወደ ላይ የሚወጣ የድንጋይ ከተማ ነው። መንገዶቹ ጠባብ ናቸው፤ ሁለት ሰው ጎን ለጎን ሲሄድ ሦስተኛው ግድግዳ መታከክ አለበት። የቀድሞው ቀረጥ ቤት፣ ጣሪያው የወደቀ የጨው መጋዘን፣ ጎርፍ የደረሰበት ከፍታ በየዘመኑ የተቀረጸበት ግንብ አለ። አስጎብኚው ከዘራ የያዙ ሽማግሌ ናቸው።

«ይህን ግንብ ያሠሩት ገዥ» አሉ በከዘራቸው እየጠቆሙ፣ «ጎርፍ ይወስደዋል ቢሏቸው ‹ከእኔ በፊት አይሄድም› አሉ። እውነታቸውን ነው፤ እሳቸው ቀደሙ።»

ልብስ ሰፊዋ ከልቧ ሳቀች። ይህን ለአባዬ እነግራቸዋለሁ ብላ አሰበች። አባዬን ስታስብ የምሳ ሰዓት መድረሱ ትዝ አላትና ስልኳን አወጣች።

«ኧረ ተዪው፣ እትዬ» አለች ታናሿ ፈጠን ብላ። «ዛሬ እንኳ ዕረፊ።»

«ድምፃቸውን ብቻ ልስማ።»

ጎረቤቷ ስልኩን አነሳች። ልብስ ሰፊዋ «ምሳቸውን በሉ? ውሃውን በማንኪያ ነው የምትሰጫቸው አይደል?» አለቻት። ጎረቤቷ «እኔ... ከእኔ ጋር እኮ የሉም» አለች።

«እንዴት የሉም?»

«ወንድምሽ መኪና ይዞ መጥቶ ወሰዳቸው። አልጋቸውንም፣ ልብሳቸውንም። እናንተ እንደወጣችሁ ነው። እህቷ ትነግራታለች ብለውኝ... አልነገረችሽም እንዴ?»

ልብስ ሰፊዋ ስልኩን ዘጋችው። የቀረጥ ቤቱ ደረጃ ላይ ተቀመጠች። አስጎብኚው ሌሎቹን ይዘው ወደ ላይ ወጡ። ታናሿ አጠገቧ ቆማ ቀረች።

«ጋሼ ወደ ራሱ ቤት ነው የወሰዳቸው» አለች በመጨረሻ። «ምድር ቤት ያለውን ክፍል አሳምሮ አዘጋጅቶላቸዋል። ቀን የምታስታምማቸው ሴት ቀጥሯል። እዚያው ሊኖሩ ነው።»

«መቼ ነው የመከራችሁት?»

«ቆይቷል። እትዬ፣ ወገብሽን ታመሻል። ስታነሺያቸው አብረሽ የወደቅሽ ቀን እኔ ነኝ ያነሳኋችሁ። አንቺ እየሞትሽ ዝም ብለን እንይ?»

«ለምን አልነገራችሁኝም?»

«ብንነግርሽ እሺ ትዪ ነበር?»

«እምቢ እል ነበር።»

«ታዲያስ?»

«እምቢ ማለትም የእኔ አልነበረም?» አለች ልብስ ሰፊዋ፤ ድምፅዋ ከፍ አላለም። «ቁጭ አድርጋችሁኝ ብትነግሩኝ አለቅስ ነበር፣ እጣላችሁ ነበር። ከዚያ ምናልባት ልብሳቸውን ራሴ አጥፌ እሰጣችሁ ነበር። እናንተ ግን እንደ ሕፃን ከረሜላ አስይዛችሁ ከቤት አስወጣችሁኝ። እኔም ሞኟ በቀሚሴ ስደሰት ነበር።»

ታናሿ ልትይዛት እጇን ዘረጋች። ልብስ ሰፊዋ ተነስታ ወደ ወንዙ ወረደች።

ጀልባው የሚመለሰው ፀሐይ ካዘቀዘቀች በኋላ ነበር። የሚከራይ ትንሽ ጀልባ እንዳለ ጠየቀች፤ ውሃው ስለሞላ አይፈቀድም አሏት። ከዚያ በኋላ ያለውን ጊዜ ሁሉ የወደቡ አግዳሚ ላይ ተቀምጣ፣ ወዲያ ማዶውን እያየች ዋለች። እህቷ ውሃና ዳቦ ይዛላት መጣች፤ አልነካችውም። አስጎብኚው ሲመለሱ «ምነው እህቴ፣ ከተማችን አስከፋሽ?» አሏት። «ከተማው ምን አደረገኝ፣ አባቴ» አለቻቸው። ሲመለሱ በጀልባው አንደኛው ጠርዝ እሷ፣ በሌላኛው እህቷ ሆነው ተሻገሩ።

ጋሼ ራሱ በሩን ከፈተላት። ሊያቅፋት ሲል በጎኑ አለፈች። ክፍሉ ንጹሕ ነው፤ አዲስ ቀለም ይሸታል። አባቷ በሁለት ትራስ ተደግፈው መስኮቱ አጠገብ ተቀምጠዋል። ሲያዩዋት የሚታዘዛቸውን እጃቸውን አነሱ። ሄዳ ያዘችው።

«አስጨነቁዎት?» አለቻቸው።

ራሳቸውን ነቀነቁ፤ አላስጨነቁኝም ማለታቸው ነው። ቃል ለማውጣት ሲታገሉ ጠበቀቻቸው።

«እኔ... ነኝ» አሉ። «ጀልባውን... እኔ ነኝ ያልኩት። ልጅ ሳለሽ ውሰደኝ ትዪኝ ነበር። አልወሰድኩሽም።»

«ሂጂ ሲሉኝ ያውቁ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

በእህቷም በወንድሟም ተናዳ ነበር፤ ይኼኛው ግን ንዴት አልነበረም። እጃቸውን አልለቀቀችም፤ ነገር ግን እጇ ውስጥ ያለው የማን እጅ እንደሆነ የጠፋባት ያህል ዝም ብላ ያዘችው። በአንዲት ሳል ብቻ የምትለያቸው ሰው፣ ፊቷን እያዩ ዋሽተዋታል። ለደግ ነገር መዋሸታቸው አልጠፋትም። ግን እሷ ለሳቸው አንድም ቀን አልዋሸችም ነበር፤ ሐኪሙ ይህ ጎን አይመለስም ያለ ቀን እንኳ።

ለአስታማሚዋ ሴት በየትኛው ጎናቸው እንደሚተኙ፣ ውሃ ሳያስላቸው እንዴት እንደሚሰጥ አሳየቻት። ከዚያ ወደ ቤቷ ሄደች። የመኝታ ክፍሉ ባዶ ነበር፤ አልጋው የነበረበት ቦታ ወለሉ ከሌላው ነጣ ብሏል።

ይበልጥ ያንገበገባት ትክክል መሆናቸው ነው። አባቷ ወንድሟ ቤት ሥጋ ለበሱ። የእሷም ወገብ ተሻለው፤ ገበያው ውስጥ ያለውን ሱቅ ከጓደኛዋ ጋር ዳግም ከፈተች። እሑድ እሑድ አባቷን ትጠይቃለች፤ ፀጉራቸውን ታስተካክላለች፣ የሰፈሩን ወሬ ትነግራቸዋለች። እሳቸውም ይስቃሉ። ስትወጣ «ይቅር ብለሽኛል?» በሚል ዓይን ሲያዩዋት ብርድ ልብሱን ታስተካክልላቸዋለች እንጂ አትመልስም።

ከእህቷ ጋር ሰላም ይባባላሉ፤ ቡና ይጠጣሉ፤ የሚያያቸው ምንም የሆነ አይመስለውም። በዓመቱ ታናሿ ሱቅ መጥታ፣ ጨርቅ እየዳሰሰች፣ «እትዬ፣ እሑድ ሐይቁ ዘንድ ሄደን ብንውልስ?» አለቻት።

ልብስ ሰፊዋ ከመኪናው ቀና ሳትል «ማን ሊወሰድ ነው?» አለች።

ታናሿ ዓይኗ እንባ ሞላ። ልብስ ሰፊዋ አየቻት፤ አዘነችላትም። ወንበር ስባ አስቀመጠቻትና የጀመረችውን ዘምዝማ ጨረሰች። ወደ ሐይቁ ግን አልሄዱም።