ወይን ጠጁ ካፖርት

ጸሃይቱ ቢሮ ስትሄድ ሠርግ የምትሄድ ነው የምትመስለው። ይህን ያስለመደቻት አሥመራ ውስጥ ስፌት ያስተማረቻት ጣሊያናዊት ሲኞራ ናት። ሲኞራዋ ዳቦ ለመግዛት እንኳ ከንፈሯን ሳትቀባ፣ ቦርሳዋን ከጫማዋ ሳታስማማ ከደጅ አትወጣም ነበር። የተጎሳቆለች ሴት የሚሰማት የለም፤ ችግርሽን ቤት ቆልፈሽበት ውጪ ትል ነበር። ደርግ ባሏን ከቤቱ ወስዶ በዚያው ባስቀረባት ጊዜ እንኳ፣ ጸሃይቱ እስር ቤቱ ደጃፍ የቆመችው ቀሚሷን ተኩሳ ነው።

ከዚያ በኋላ ሕፃኗን አዝላ በእግሯ ሱዳን ገባች። ልጇን ኣኸዛን ካርቱም ለአክስቷ ትታ፣ የአንድ አረብ ቤተሰብ ሞግዚት ሆና ለንደን መጣች፤ ቤተሰቡ ሲመለስ እሷ ቀረች። አሁን ካሌዶኒያን ሮድ አንዲት ክፍል አላት፤ ሐሳቧ ሁሉ ኣኸዛን ማምጣት ነው። የስደተኛ ልጆችን ከወላጆቻቸው የሚያገናኝ አንድ ማኅበር ለኢንተርቪው ሲጠራት፣ ራሷ ቆርጣ የሰፋችውን ወይን ጠጅ ካፖርት ለበሰች። ለልጇ የላከችላት ፎቶግራፍ በዚሁ ካፖርት የተነሣችው ነው። ኣኸዛ ፎቶውን ትራስ ሥር አድርጋ እንደምትተኛ አክስቷ ነግራታለች።

ቢሮው ውስጥ ያገኘቻት ሴት ሹራብ ክርኑ ላይ ተቀዷል፤ ጉርዷ ላይ የውሻ ፀጉር አለ፤ የራሷም ፀጉር ማበጠሪያ የነካው አይመስልም። የቆሸሹ ስኒዎች ይዛ ወዲያ ወዲህ ትላለች። ጸሃይቱን አሳዘነቻት። እንዲህ አድርገው ነው እንዴ ጽዳት ሠራተኞቻቸውን የሚይዙት አለች በሆዷ። ፈገግ ብላ፣ በተሰባበረ እንግሊዝኛዋ አለቃሽን ጥሪልኝ አለቻት። ሴትዮዋ ስኒዎቹን አስቀምጣ ከጠረጴዛው ኋላ ተቀመጠችና አለቃዋ እኔ ነኝ አለች። ሚሲዝ ሃርዲንግ ትባላለች።

ነገሩ ያበቃው እዚያው ላይ ነው። ጸሃይቱ ስለ እስር ቤቱ፣ ስለ በረሃው ስትናገር፣ የሚሲዝ ሃርዲንግ ዓይን ከጫማዋ ወደ ጓንቷ፣ ከጓንቷ ወደ ካፖርቷ ይመላለሳል። ሰው ፊት ማልቀስ ደግሞ ጸሃይቱ አልተማረችም። የባሰባቸው አሉ ተብላ ተመለሰች።

ሃክኒ ሰፈር የምትኖረው ጓደኛዋ አልታየሽ፣ ከአብዮቱ በፊት ለትምህርት መጥታ በዚያው የቀረች የአዲስ አበባ ልጅ ናት። ነገሩን ስትሰማ መጀመሪያ ሳቀች፤ ቀጥላ ተናደደች።

«ይሄ እኮ አሥመራ አይደለም» አለቻት። «እዚህ አገር ሀብታሟ ሴት አዲስ ልብስ ያሳፍራታል። የእናቷን ሹራብ እስኪበጣጠስ ነው የምትለብሰው። ተሽቀርቅረሽ ስትመጪባቸው ወይ ጠግበሻል፣ ወይ ትዋሻለሽ። አፒል አድርጊና አንጀት የሚበላ ነገር ልበሺ።»

«የእሷ ቅዳጅ ጨዋነት፣ የእኔ ቅዳጅ ልመና ማለት ነው?»

«አዎ፣ እንደሱ ነው።»

ጸሃይቱ፣ አልታየሽ ደረጃ ስታጥብ የምትለብሰውን ቡኒ ሹራብ ተዋሰች። አንዱ ቁልፍ ተንጠልጥሏል፤ እጇን መርፌ ቢያምረውም እንዲሁ ተወችው። ይግባኟ ሲታይ የመጀመሪያውን ታሪክ አንድም ቃል ሳትጨምር ደገመችው። ሚሲዝ ሃርዲንግ አሁን አለቀሰች፤ እጇንም ይዛ ልጅቷ ትመጣለች አለቻት። ጸሃይቱ ያንን እንባ ይቅር አላለችውም።

ኣኸዛ የምትገባበት ቀን ሲደርስ ካፖርቱን ቦርሻ በሩ ላይ ሰቀለችው። ነገር ግን ሚሲዝ ሃርዲንግ ኤርፖርት አብሬሽ እሄዳለሁ አለች። የልጅቷ ትምህርት ቤት፣ ሰፋ ያለ ክፍል፣ ሁሉም ገና በዚህችው ሴት እጅ ነው። ጸሃይቱ ካፖርቱን ብዙ አየችው። ከዚያ ቡኒውን ሹራብ ለብሳ ወጣች።

አውሮፕላኑ በሮም በኩል ነበር የመጣው። ከሚቀበሉት መካከል አንዲት ያገሯ ሴት ቆማለች፤ ጣሊያን አገር የኖረች መሆኗን አለባበሷ ከሩቅ ይናገራል፦ ወገቡ ላይ ጠበብ ያለ ረጅም ካፖርት፣ ተረከዘ ረጅም ጫማ፣ የተቀባ ከንፈር። ኣኸዛ ፎቶግራፉን ደረቷ ላይ ለጥፋ በአውሮፕላኑ አስተናጋጅ እጅ ተይዛ ወጣች። ጸሃይቱ ስሟን ጠራች። ልጅቷ ዞር ብላ ከእግር እስከ ራሷ አየቻትና አልፋት ሄደች። የዚያችን ሴት ካፖርት ጫፍ ጨብጣ «ማማ» አለቻት።

ሴትዮዋ ግራ ገባት። ጸሃይቱ ተንበረከከች።

«ኣኸዛ፣ እናትሽ እኔ ነኝ።»

ልጅቷ ፎቶውን አየች፤ የተንጠለጠለውን ቁልፍ አየች፤ ከሴትዮዋ ካፖርት ኋላ ተሸሸገች።

«አይደለሽም» አለች። «የኔ እናት ታምራለች።»

ሚሲዝ ሃርዲንግ ዓይኗን እየጠረገች ልጅቷ ምን እንዳለች ጠየቀች። ጸሃይቱ በርዷት ነው አለቻት።

ሚሲዝ ሃርዲንግም ክርኑ የተቀደደውን ሹራቧን አውልቃ፣ ኣኸዛ እሺ ሳትል አለበሰቻት።