ለእሑድ የተጻፉት ጥያቄዎች

ዶክተሩ «ለእሑድ ጥያቄያችሁን ጽፋችሁ ኑ፤ እዚህ ስትገቡ ይጠፋችኋል» ብሎን ነበር። ዐሱርን ሰግደን፣ መካ፣ መንሱር ሰፈር ባለችው ክፍላችን፣ እኔ ደብተር ይዤ፣ ሚስቴ ሚስከር ፍራሹ ላይ ጋደም ብላ ጀመርን።

«ጻፍ» አለችኝ። «አንደኛ፣ የሚተከልልኝን ስቴም ሴል ከሙስዐብ ሲወስዱ ያመዋል ወይ? ቀጥሎ፣ ስንት ቀን ተዘግቶብኝ እተኛለሁ? ደግሞ... ባይይዝልኝስ?»

ይቺንም ጻፍኩ። የደም ካንሰሩ ሁለት ጊዜ ተመልሶባታል። የቀረው ንቅለ ተከላው ነው፤ ጊዜም የለም ብለውናል። ለጋሹ ከአንድ እናትና አባት የተወለደ ቢሆን ይሻላል፣ እሱም ከአራት አንዱ ነው የሚገጥመው። ያላት ወንድም ደግሞ አንድ ነው፤ ጅዳ፣ ባግዳዲያ ሰፈር ጎሚስታ ቤት የሚሠራው ሙስዐብ። እሑድ መግጠሙ እንዲመረመር ደም ሊሰጥ ነው።

«ሌላስ?»

ከፍራሹ ቀና አለች።

«ሙስዐብ ወንድሜ አይደለም።»

«አስተግፊሩላህ! መድኃኒቱ ነው እንዲህ የሚያናግርሽ?»

«የእማዬ እህት ልጅ ነው። እናቱ በወለደችው በሳምንቱ ሞተች። አባቱን ይዘው ወደ አገር ጠርዘውት ነበር። አባዬ ልጁ ኢቃማ፣ የመኖሪያ ወረቀት፣ እንዲያገኝ ብሎ በስሙ አስመዘገበው፤ እማዬ እኔን ጡት አስጥላ እሱን አጠባችው። እሱ አያውቅም። አባዬ ሊሞት ሲል ለኔ ብቻ ነገረኝ።»

«ታዲያ የጡት ወንድምሽ ነዋ። በዲኑ ወንድም ነው።»

«ለኔማ ይበቃኛል። ለዶክተሩ ነው የማይበቃው።»

ስልኩ ጮኸ። ራሱ ሙስዐብ ነበር፤ ስፒከር ላይ አደረገችው።

«አንቺ ሴትዮ! ሺሻ ከተውኩ አስር ቀኔ፤ ደሜ እንዲጠራልሽ ብዬ። ግን ወላሂ የኔ ደም ከገባብሽ ኳስ ስታዪ ነው የምታመሺው። ለባልሽ ለጣሂር አዘንኩለት!»

አልሳቀችም። «ሰው አጠገብህ አለ?»

«አንድ ደንበኛ።»

«ሸኘውና ደውል።»

«ምን ሆንሽ?»

«ሸኘውና ደውል አልኩህ፣ ወንድሜ።»

እስኪደውል ወደኔ ዞረች። «ውጤቱን አይቶ አንድ ባዕድ ከሚነግረው ከኔ ይስማ። ውጤቱን ስንጠብቅ የሚያልፈው ቀንም ከኔ ዕድሜ ነው የሚቀነሰው።»

ደወለ። ነገረችው፤ ሁሉንም፣ ሳታቋርጥ። ከወዲያ የጎማ መንፊያው ማሽን ድምፅ ብቻ ይሰማል። ቆይቶ ማሽኑ ጠፋ።

«የእናቴ ስም ማን ነበር?»

«ረሕማ።»

ዘጋው። መልሰን ብንደውል አያነሳም።

«አሁን ጻፍ» አለችኝ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ። «ወንድም የለኝም፤ ያለኝ የአክስት ልጅ ነው። እሱ ይሆናል ወይ? ካልሆነ ለጋሽ ከየት ይፈለግልኛል?»

ጻፍኩት። «አንደኛውን ልሰርዘው?»

«ያመዋል ወይ የሚለውን?»

«እ።»

«ተወው፣ ይቆይ።»

ሙስዐብ እሑድ ይምጣ አይምጣ አናውቅም። መግሪብ አዛን አለ፤ ደብተሩን ዘግቼ የውዱእ ውሃ አቀረብኩላት።