የመኳንንት ዘጠኝ መብራቶች

፩

«ጋሼ፣ እንጨቱ ያምራል። ሽቦው ግን ሰው ይገድላል።»

፪

ይህን ያለችው ትብለጥ ናት፤ ደብረ ማርቆስ ውስጥ በአንድ የሙያ ማሠልጠኛ ኤሌክትሪክ የምታስተምር፣ ነገር ማለስለስ የማታውቅ ሴት። የተባለው ደግሞ መኳንንት ነው፤ የፖስታ ቤት ሠራተኛ፣ የሃምሳ ሁለት ዓመት ሰው፣ በትርፍ ጊዜው ከእንጨት የጠረጴዛ መብራት የሚሠራ። ትብለጥ ቅዳሜ ጠዋት ወደ ግቢው የመጣችው ለእናቷ ስጦታ ልትገዛ ነበር። መብራቱን ተቀበለችና እንደ ሌላው ሰው «ውይ ሲያምር!» በማለት ፈንታ ገልብጣ ሆዱን አየችው።

እስከዚያ ቀን ድረስ የመኳንንትን መብራት ገልብጦ ያየ ሰው አልነበረም።

፫

ትንሽ ወደ ኋላ ልመልሳችሁ፤ ሰውየውን ሳታውቁት እንድትፈርዱበት አልፈልግም።

ደብዳቤ የሚጽፍ ሰው እያነሰ ሄደ። ማኅተም ሲመቱና ፖስታ ሲለዩ ይውሉ የነበሩት የመኳንንት እጆች ባንኮኒው ላይ ተጋድመው መዋል ጀመሩ። አንድ ጎረቤቱ አናጢ ቤቱን ዘግቶ ከተማ ሲቀይር ቁርጥራጭ ዋንዛ ትቶለት ሄደ። መኳንንት በመላጊያ ላገው፣ በመሮ ፈለፈለው፣ በብርጭቆ ወረቀት ሳምንት ሙሉ አሸው። ሽቦ አስገብቶ አምፖል ሲያበራበት የእንጨቱ መስመሮች አንድ በአንድ ብቅ አሉ። ሚስቱ ባንቺአምላክ ደጃፉ ላይ ቆማ አየችና፣

«በቃ፣ ከእንግዲህ አንተን ከጓሮ የሚያወጣህ የለም» አለችው።

እውነቷን ነበር። ያንን የመጀመሪያውን መኝታ ቤታቸው አኖሩት። ከዚያ የመሥሪያ ቤት ሰዎች አዩ፤ ለመኑት፤ ሸጠ። በዓመት ተኩል ውስጥ ዘጠኝ መብራት ከጓሮው ወጣ።

፬

ትብለጥ፦ ይህን ማን አስተማረዎት?

መኳንንት፦ ማንም። አምፖሉ ሲበራ ጊዜ በቃ፣ ተሳካ አልኩ።

ትብለጥ፦ መብራቱስ ይበራል።

መኳንንት፦ ታዲያ?

ትብለጥ፦ እቤት ያኖሩት አለ? እስኪ ያምጡት።

፭

የመኝታ ቤቱን አመጣው። ትብለጥ ብሎኑን ፈታችና ውስጡን ወደ ፀሐይ አዞረችለት። እንጨቱ አምፖሉ በሚጠጋው በኩል ጠቁሯል። በጣቱ ነካው። ጣቱ ጠቆረ።

ከሰል።

ገመዱ በቀዳዳው በኩል ከእንጨቱ ጋር ሲፋተግ ልባሱ ተልጦ መዳቡ ይታያል። ይህ መብራት ከትራሳቸው አንድ ክንድ እንኳ አይርቅም ነበር። ባንቺአምላክ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ቀረች።

፮

ዘጠኝ።

ሁለቱ የመሥሪያ ቤት ባልደረቦቹ ዘንድ።

አንዱ የልብስ ሰፊው ጠረጴዛ ላይ፣ ጨርቅ መሀል።

ሦስቱ አንድ ትንሽ ሆቴል እንግዳ መቀበያ።

አንዱ የባንቺአምላክ እህት ቤት፣ ሕፃኑ የሚተኛበት ክፍል።

አንዱ እማማ አንጓች ዘንድ።

አንዱ

፯

የት እንዳለ አያውቅም። ወደ እሱ እንመጣለን።

«ምናልባት የሌሎቹ ደህና ይሆን ይሆናል» አለ መኳንንት። «እስካሁን ማንም ምንም አላለኝም።»

ባንቺአምላክ ወደ ቤት ገባች። ስትወጣ ጫማውን ይዛ ነበር፤ እግሩ ሥር አስቀመጠችለት።

፰

መጀመሪያ ሕፃኑ ዘንድ ሮጠ። ከዚያ ባልደረቦቹ፣ ከዚያ ልብስ ሰፊው። የሆቴሉ ባለቤት «እንግዳ ፊት ልታዋርደኝ ነው?» ብሎ ተቆጣ፤ አንዱን ገልብጦ ውስጡን ሲያይ ግን ሦስቱንም ራሱ ታቅፎ እስከ መንገድ ሸኘው።

እማማ አንጓች ዘንድ ሲደርስ ቀትር ሆኖ ነበር።

«ሸጠህ ልትቀማኝ መጣህ?»

«አይደለም። አጥፍቻለሁ፣ እማማ።»

«ምኑን? መብራቱንማ ጠዋት እኔው አጥፍቼዋለሁ።»

መኳንንት ሳቅ አመለጠው፤ ቀጥሎ ዓይኑ እንባ ሞላ። «ጥፋት ነው ያልኩት። አሠራሩን ሳላውቅ ሠርቼ ሸጥኩልዎ። እሳት ሊያስነሳ ይችላል።»

«ስንት ጊዜ አበራሁት፣ ምን አደረገኝ?»

«እስካሁን ምንም። ምንም ሳያደርግዎ ልውሰደው።»

አሮጊቷ ጎንበስ ብለው ስፒናውን ራሳቸው ነቀሉ። «የሚሸጥልኝ ሰው ሞልቷል» አሉ። «እንዲህ ብሎ በሬን ያንኳኳ ግን አላጋጠመኝም። አድሰህ ታመጣዋለህ። ከቆየህ እኔ እመጣብሃለሁ።»

፱

ትብለጥ በአራት ቅዳሜ ያስተማረችው፣ መኳንንት በአሮጌ የቴሌግራም ቅጽ ጀርባ እንደጻፈው፦

ገመዱ በሚገባበት ቀዳዳ ላስቲክ ያድርጉ። እንጨት ሽቦ ይበላል።

ከውስጥ ገመዱን ይቋጥሩት። ልጅ ቢጎትተው ቋጠሮው ይያዝ።

መጋጠሚያውን በናስትሮ ጠቅልሎ መተው የለም። ሽቦ ከሽቦ በብሎን ማያያዣ ይገናኝ።

የሚያቃጥለው አምፖል ቀርቷል። ኤል ኢ ዲ ብቻ፤ እሱም ከእንጨቱ አራት ጣት ይራቅ።

ቫርኒሹ ሳይደርቅ አይሰኩት።

ከመሸጥዎ በፊት ስድስት ሰዓት ያብሩትና አጠገቡ ይቀመጡ። እጅዎን ያኑሩበት። እጅዎ ካልቻለው አይሽጡት።

(«ስድስት ሰዓት ሙሉ ምን እያደረግኩ?» ብሎ ጠይቋል። «እጅዎን እያኖሩ» ብላዋለች።)

፲

ስምንቱ ታድሰው ተመለሱ። ዘጠነኛው ቀረ።

እሱን የሸጠው ከፋሲካ በፊት በነበረ ባዛር ነው። ገዢው ረጅም ገበሬ ነበር፤ «ለእህቴ ሠርግ» ብሎ፣ በጋቢው ጠቅልሎ፣ ወደ ቡሬ በሚሄድ አውቶቡስ ተሳፈረ። ስሙን አልጠየቀውም። ሰው መብራት ሲገዛ ስሙን ማን ይጠይቀዋል?

መኳንንት መላጊያውን ሰቅሎ አዲስ መሥራት አቆመ። ግን የፖስታ ቤት ሰው ነውና የሚያውቀውን አደረገ። ስልክ ቁጥሩን ከሥር አስፍሮ ደብዳቤ ጻፈ፤ እስከ ቡሬ ባለው መንገድ ላሉት ፖስታ ቤቶች ሁሉ ግድግዳ ላይ እንዲለጥፉለት ላከ።

፲፩

ለእህታቸው ሠርግ የእንጨት መብራት ለገዙ ወንድም፣

በመጀመሪያ ስፒናውን ይንቀሉ። ቀሪውን ከዚያ በኋላ ያንብቡ።

ነቀሉ? እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

የሠራሁት እኔ ነኝ። ሽቦው በደንብ አልተሠራም። እባክዎ ይደውሉልኝና ያለበት ድረስ መጥቼ አስተካክለዋለሁ፤ ካልፈለጉት ገንዘብዎን እመልሳለሁ። ሙሽራዋንና ሙሽራውን እንኳን ደስ ያላችሁ ይበሉልኝ።

መኳንንት

፲፪

አንድ ሳምንት።

ሁለት።

በሦስተኛው፣ ባንኮኒው ላይ እንዳለ ስልኩ ጮኸ። የወጣት ሴት ድምፅ ነው።

«የመብራቱ ሰው ነዎት? ይታይሽ እባላለሁ። ወንድሜ ደብዳቤዎን አይቶ ነው።»

«ነኝ፣ ነኝ! ስፒናው ተነቅሏል?»

ሳቀች። «የት ተሰክቶ ይነቀላል፣ ጋሼ? እኛ መንደር ገና መብራት አልገባም። ምሰሶው ቆሟል፣ ሽቦውን እየጠበቅን ነው። ወንድሜ ቸኩሎ አስቀድሞ ገዛልኝ።»

መኳንንት ወንበር ላይ ቁጭ አለና ደንበኛ እየጠበቀው ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ።

፲፫

በሚቀጥለው እሑድ ከትብለጥ ጋር ሄዱ፤ ግማሹን በአውቶቡስ፣ ግማሹን በእግር። ይታይሽ መብራቱን ከሳጥን አወጣች፤ በሠርጓ ነጠላ ተጠቅልሎ ነበር። መኳንንት ግቢው መሀል ዱካ ላይ ተቀምጦ ፈታው፣ ላስቲኩን አስገባ፣ ገመዱን ቋጠረ፣ አዲስ አምፖል አደረገበት። ባሏ ከጎኑ ቁጢጥ ብሎ ብሎን እያቀበለ አንድም ነገር ሳይዘል ይጠይቀው ነበር። ትብለጥ በመለኪያዋ ፈተሸችው።

«ደህና ነው» አለች።

ደህና ነው። ግን የሚሰካበት የለም። ስድስት ሰዓት አጠገቡ መቀመጥ ቀርቶ፣ ሲበራ እንኳ ሳያይ ትቶት ተነሣ። መንገድ ላይ ሦስት ጊዜ ዞሮ ወደ ኋላ ተመለከተ።

«ጋሼ፣ የእናቴንስ መብራት መቼ ነው የሚሠሩልኝ?» አለች ትብለጥ።

መላጊያው ከተሰቀለ ሳምንታት አልፈዋል።

«ሰኞ፣ ከሥራ መልስ እጀምራለሁ» አላት።

፲፬

ከመስቀል በኋላ፣ አንድ እሑድ ከሰዓት፣ መኳንንት እጁን አዲስ መብራት ላይ አኑሮ አራተኛ ሰዓቱን እየቆጠረ ሳለ ስልኩ ጠራ። ከይታይሽ ድምፅ ኋላ የመንደሩ ሰው ሁሉ የሚጮህ ይመስላል።

«ጋሼ! ሰውየው ምሰሶው ላይ ወጥቷል! እኔ ሰክቼ፣ ማብሪያውን ተጭኜ ቆሜያለሁ! ስልኩን እንዳይዘጉት!»

«አልዘጋም።»

ባንቺአምላክ መጥታ ጆሮዋን ከጆሮው ጋር አስጠጋች። ከወዲያ ጩኸቱ ጋብ አለ። አንድ ሰው ከከፍታ፣ «ዝግጁ ናችሁ?» ሲል ተሰማ።

፲፭

«በራ!»